በእርጥቡ የለበሰ ታንከር

ቤንዚን ደስ የሚል ሽታ አለው የሚሉ ሰዎች አሉ። ኤዲያ! እነሱ የሚያውቁት የማደያውን ነው። እኔ የምለው ሌላውን ነው፤ ታንከር ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ተኝቶ፣ ከዝገት ጋር ተቦክቶ፣ ወፍሮና ጠቁሮ እንደ ሳል ሽሮፕ የሚዝለገለገውን። እሱ አንዴ እጅ ከነካ በሳሙና አይለቅ፣ በሎሚ አይለቅ። ዳቦ ስትቆርሱ አብሮ ይቆረሳል፣ ውኃ ስትጠጡ አብሮ ይጠጣል፣ ማታ ትራስ ላይ ሳይቀር ተከትሏችሁ ይተኛል። አፈር ይብላና፣ እኔ በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ያደግኩት።

አባቴ የሞተር ሳይክል ታንከር ውስጡን ሙጫ የሚያለብስ ሰው ነው። ታንከር ከውጭ ቀለሙ እያብረቀረቀ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ እየበላ እየበላ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ይከፍትና ቤንዚኑ በነጂው ጭን መሃል መንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ ነጂው ወደ አባቴ ይመጣል። እሱ ታንከሩን ይፈታል፣ ያጥባል፣ ዝገቱን ያራግፋል፣ ያደርቃል፤ ከዚያ ሙጫውን በታንከሩ አፍ ያፈስበትና ታንከሩን አቅፎ ቀስ እያለ ወደ ሁሉም ጎን ያገላብጠዋል። ሙጫው ሲደርቅ ከውስጥ ሁለተኛ ቆዳ ይሆናል፣ ዝገቱም ቀዳዳውም ይዘጋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ታንከሩ ከሙጫው በፊት አጥንቱ ድረስ መድረቅ አለበት። ዝገቱን የሚያስለቅቀው አቼቶ ነው፤ ያ አቼቶ ብየዳው ስር ጠብታ ታህል ከቀረች ሙጫው ብረቱን አይዝም፣ ዛሬ ባይሆን የዛሬ ሦስት ወር ይላጣል። ሌሎቹ ባለሙያዎች ሙቅ አየር ይነፉበታል። የእኔ አባት ግን በአፍንጫው ነው የሚሠራው። ሦስት ጊዜ ያሸታል፤ አንዴ እንደታጠበ፣ አንዴ ከፀሐይ ሲገባ፣ አንዴ ሙጫው ሊፈስ ሲል። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ደርቋል" ይላል፣ እሱ ደርቋል ካለ አለቀ። ልጅ ሆኜ እኔንም ያስሸትተኝ ነበር። "አቼቶ አለ ወይስ የለም?" ይለኛል፣ እኔም እያቅለሸለሸኝ እነግረዋለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ፀጉር ሠሪ የሆንኩት ከዚህ ለመሸሽ ነው፣ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል። ፀጉር ቤቴ ከአባዬ መሥሪያ ሦስት በር አለፍ ብሎ ነው። እዚያ ሻምፖ ነው፣ ቅባት ነው፣ ንጹህ ፎጣ ነው። አባዬ "ሽቶዋ" እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ሲያሾፍብኝ። አንዴ የፀጉር ማድረቂያ ፎኔን ልስጥህና ታንከሩን አድርቅበት ብዬው "ታንከር ፀጉር የለውም" ብሎ ደንበኛ ሁሉ አሳቀብኝ።

ከዚያ ከባድ ጉንፋን ወዲህ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሎት የነበረ ጉንፋን ነው። ተነሣልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሸሚዙን መቀየር ተወ። ካልሲው... እግዚኦ፣ ስለ ካልሲው አላወራም። ምሳ ላደርስለት ስገባ የትናንት ወዲያው ሰሃን ላይ ሻጋታ ሊያብብ ምንም አልቀረው፣ እሱ ከዚያው ላይ እየቆረሰ ይበላል። አንድ ቀን ወተት አንድ ብርጭቆ ሙሉ አንደቀደቀ፤ ከበሩ የሚሰነፍጥ፣ የተበጣጠሰ፣ አረንጓዴ ነገር የነካካው ወተት። "ምነው?" አለኝ ከንፈሩን እየጠረገ። ሮጬ ወጥቼ የውጭው ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ጮህኩበት፣ ተጨቃጨቅን። እናቴ ሞታበት፣ ጉንፋኑ ተጨምሮበት ራሱን ጣለ፣ ሰነፈ፣ አረጀ ብዬ ደመደምኩ። ኋላ ጭቅጭቁ ሰለቸኝና ዘዴ አበጀሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየር ስቤ እይዛለሁ፣ ፊቴን ፈገግ አደርጋለሁ፣ ገብቼ ምሳውን አስቀምጬ "ደህና ዋልክ አባዬ" ብዬ ሹልክ እላለሁ። የምተነፍሰው ውጭ ወጥቼ ነው። በዚህ ዘዴዬ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር፣ አይ የኔ ነገር።

ማክሰኞ ምሳውን ይዤ ስሄድ ፖስተኛው ቀድሞኝ ቆሟል። ፖስተኛው ረጋ ያለ፣ ሰው እንዳይከፋው ቃል እየመረጠ የሚናገር ሰው ነው። ከሦስት ወር በፊት ታንከሩን ያለበሰለት አባዬ ነው። አሁን ታንከሩ ተፈትቶ በጆንያ ክንዱ ስር ነው፣ አንድ እግሩን ያነክሳል። የደረሰበትን ቀስ እያለ ነገረን። ትናንት ትልቁ መስቀለኛ መንገድ መሃል ላይ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አድርጎት ቀጥ አለ። ከኋላው የመጣው የጭነት መኪና የከረጢቱን ማንገቻ ገንጥሎ አለፈ። እሱ አስፋልቱ ላይ ተንከባሎ እግሩ ተላላጠ፣ የሰው ደብዳቤ በየጎማው ስር ተበተነ። መካኒክ ካርቡሬተሩን ሲከፍተው የደፈነውን ነገር አገኘ፤ ፖስተኛው በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት መጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ፈታው።

ምነው ባልፈታው። ቢጫ፣ ስስ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ነገር ነው፤ ከተቃጠለ እግር ላይ የተላጠ ቆዳ በሉት። አንደኛው ላይ የበረሮ እግር ተለጥፎበታል። አባዬ ግን በጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየውና ሙልጭ አድርጎ ካደ። ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው አለ። የዛሬ ማደያ ምን እንደሚቀላቅል ማን ያውቃል፣ የእኔ ሙጫ ተላጦ አያውቅም አለ። ፖስተኛውም፣ ምስኪን፣ እውነትዎን ይሆናል ጋሼ ብሎ ተቀበለ። እንዲያውም እንደገና እንዲያለብስለትና ለሐሙስ እንዲያደርስለት ለመነው። ሲወጣ ወደ እኔ ዞር አለ።

"እህቴ፣ ሌላ ጋ መውሰድ አቅቶኝ አይደለም" አለኝ። "የእሳቸውን እጅ ስለማምን ነው።"

እያነከሰ ከሄደ በኋላ ባትሪ አብርቼ በታንከሩ አፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ሙጫው ከላይ ተገንጥሎ እንደ አሮጌ የሻወር መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ትንፋሼን መያዝ ረስቼ ኖሮ ሽታው በአንድ ጊዜ ገባብኝ። ቤንዚን፣ ዝገት፣ ከእነሱ ስር ደግሞ ሌላ፣ የሚኮመጥጥ። አቼቶ። በብረቱና በሙጫው መሃል ሦስት ወር ታፍኖ የኖረ አቼቶ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ማደያ አቼቶ አይሸጥም። ይህ ታንከር በእርጥቡ ነው የለበሰው።

ነገርኩት። አንቺ ፀጉርሽን ሥሪ አለኝ፤ በአርባ ዓመት አንድ እርጥብ ታንከር አላለበስኩም አለኝ። ጥዬው ልሄድ ነበር፣ ዓይኔ ግን ግድግዳው ላይ አረፈ። አባዬ የሠራላቸውን ሰዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ስልኩን፣ የሞተሩን ቀለም፣ ቀኑን። ጉንፋኑ ከለቀቀው ወዲህ የተጻፉት ሰባት ናቸው። ፖስተኛው የመጀመሪያው ነው። ከእሱ በታች ስድስት መስመር አለ፤ ሦስተኛው "ቀይ ሞተር፣ የመንትዮቹ እናት" ይላል። እሷን አውቃታለሁ፣ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ አንዱን ልጅ ከኋላዋ፣ አንዱን ከፊቷ ታንከሩ ላይ አስቀምጣ ነው ትምህርት ቤት የምታደርሳቸው። የፖስተኛው እርጥብ ከነበረ የእሷስ? ፀጉር ቤቴን ዘጋሁና ዛሬ ላግዝህ አልኩት። እሱማ ደስታውን አልቻለም፣ ሽቶዋ ልትሠራ ነው እያለ ብቻውን ሳቀ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የሠራሁትን ለጠላቴም አልመኝም። ያንን ቆዳ በቆልማማ ሽቦ እየጎተትን አወጣነው፤ እየተበጣጠሰ፣ እየተንጠለጠለ፣ አንዳንዱም ክንዴ ላይ እየተለጠፈ። ከስሩ ያቆረ ቡናማ ውኃ ነበር፣ ስደፋው ጫማዬ ላይ ተረጨ። የበረሮው ቀሪ አካልም ተገኘ፣ ሙጫ ውስጥ ጌጥ መስሎ ተቀምጦ። በፊት አባዬ ክፍት ታንከር ያለ ንጹህ ጨርቅ አያሳድርም ነበር። 

ከዚያ ሠላሳ የብሎን ዳዶ ቆጥሮ ታንከሩ ውስጥ ጨመረ፤ ዝገቱን እየፋቁ እንዲያራግፉት። ግራና ቀኝ ይዘን ጆሯችን እስኪደነቁር ናጥነው። አባዬ ዳዶ ቆጥሮ ያስገባል፣ ቆጥሮ ያወጣል፤ አንድ ከጎደለ ሥራው አይቀጥልም። ሠላሳ ገባ፣ ሠላሳ ወጣ። እጁ ያው እጁ ነው፣ ዓይኑም ያው ዓይኑ። ግራ የገባኝም ይሄ ነው፤ የሰነፈ ሰው ዳዶ አይቆጥርም።

አቼቶ ሞልተን አሳደርነው። በማግስቱ ስንደፋው የተፈጨ ሸክላ የመሰለ ዝገት ይዞ ወጣ። በውኃ ደጋግመን አጠብነው፣ አፉን ወደ ታች አድርገን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ያጥባል፤ የሰነበተ ላብ፣ የተቋጠረ ካልሲ፣ አንገቱ ስር የደረቀ ምግብ። ሰው እንዴት ይህን ተሸክሞ ይውላል ብዬ እየተናደድኩ ሳለ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ወተቱ። ሰሃኑ። ሸሚዙ። ሙጫው ስር የቀረው አቼቶ። እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ለቀቅኩት።

አሁን ያደረግኩትን እናገራለሁ፣ ያምርም ይክፋም። አባዬ ቀትር ላይ ጋደም ሲል አንድ ብርጭቆ አቼቶ ታንከሩ ውስጥ ጨምሬ አገላበጥኩት፣ የተረፈውን ደፋሁ፣ ከዚያ የታንከሩን አንገት ብቻ በፎኔ አደረቅኩት። ሽታው ገና ከበሩ ይሰነፍጣል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በገዛ አባቴ ላይ ወጥመድ አጠመድኩ። ከበረሮው ይልቅ የራሴ ሥራ ቀፈፈኝ።

ተነሥቶ መጣ። ጣቱን በታንከሩ አንገት ሰዶ ነካካ። ታንከሩን አቀፈው፣ አፍንጫውን አፉ ላይ ደገነ፣ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ፣ ረዥም አድርጎ ሳበ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ አፍንጫዬ ይቃጠላል።

"ደርቋል" አለ። "ሙጫውን አምጪ።"

አላመጣሁም። ባለሁበት ቆሜ አየሁት፤ የሚጠብቀው ሙጫውን ነው፣ ፊቱ ሥራውን በወጉ የሠራ ሰው ፊት ነው።

"አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ?"

ይሄን ጊዜ አልካደም። ታንከሩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ከእጁ በባሰ ቆሻሻ ጨርቅ ጠረገ።

"ከጉንፋኑ ወዲህ" አለ። "ይመለሳል ብዬ ነበር።"

"ሰባቱንም ሳይሸትህ ነው ያለበስካቸው?"

"ጣቴን አስገብቼ እነካለሁ። ደረቅ ይሆናል።"

ጣት የሚደርሰው አንገቱ ድረስ ነው። አንገቱ ቢደርቅ ሆዱ እርጥብ ሊሆን እንደሚችል በስምንት ዓመቴ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ደሜ ፈላ። ያልተናገርኩት ነገር የለም። ሰው ይሞታል እኮ አልኩት፤ ፖስተኛው በአንድ ማንገቻ ነው የተረፈው አልኩት። የመንትዮቹ እናት ልጇን የምታስቀምጠው ታንከር ላይ አይደለም፣ ውሸትህ ላይ ነው አልኩት። ወተቱን ስትጠጣ ቀፍፎኝ ነበር፣ ካልሲህም ቀፍፎኝ ነበር፣ እንደዚህ ግን ቀፍፈኸኝ አታውቅም አልኩት። ያንን ሰው ቤንዚኑ ነው ብለህ እያነከሰ ላክኸው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሲደክመኝ፣ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጠየቅኩት።

"ለማን? ላንቺ?" አለ። "አንቺ ከኔ ሽታ ስትሸሺ ነው ያደግሽው። አፍንጫዬ ጠፋ ብልሽ መሥሪያውን ዝጋና ቤቴ ግባ ትይኛለሽ። ቤትሽ ገብቼስ መሽተት አለመሽተቴን በምን አውቃለሁ?" ጨርቁን አጣጠፈው። "እስካሁን የማውቀው ፊትሽን አይቼ ነው። ስትገቢ አፍንጫሽ ከተሸበሸበ ሸሚዝ እቀይራለሁ፣ ምግቡን እደፋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር። ሰሞኑን ግን ፈገግ ብለሽ ስትገቢ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ ማለት ነው አልኩ።"

ያንን ፈገግታ በሩ ላይ ቆሜ እንዴት እንደምለብሰው አሰብኩ። አየር ስቤ፣ ጉንጬን ወጥሬ። ጨዋነቴ ይህ ነበር። ሆዴ ባባ፣ ደግሞ ያው አቼቶው እያቅለሸለሸኝ ነው።

"አባዬ፣ ትሸታለህ" አልኩት።

ቀና አለ። "በጣም?"

"ከመንገዱ ማዶ።"

"ወተቱስ? ያኔ የወጣሽበት ቀን?"

"እሱማ ወተት አልነበረም።"

አፉን በጨርቁ ያዘ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቅ ነው ስል ዓይኑ እርጥብ ነው። ከዚያ ጨርቁን ጣለውና ስልኩን አነሣ። እኔ ልደውልላቸው ብለው እጄን ገፋው። ግድግዳው ጋ ቆሞ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈና ሦስተኛው ላይ አቆመው። የመንትዮቹ እናት ቶሎ አነሣች።

"ሞተሩን ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንዳትነጂው፣ የኔ ልጅ" አላት። "ታንከሩን በእርጥቡ ነው ያለበስኩት። እኔው መጥቼ እፈታዋለሁ።"

እሷ ብዙ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እሱ "ልክ ነሽ" ብቻ ይላል። የቀሩትን አምስቱንም እንደዚሁ አዳረሳቸው። አንዱ ሰድቦት ዘጋ። አንዱ ሞተሩን ሸጦታል፣ የገዛውን ሰው ስልክ እስኪፈልግ ድረስ አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ ፖስተኛው ጋ ደወለ። ቤንዚኑ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ብሎ ነገረው። ፖስተኛው እግሬን እየተሻለኝ ነው አለ፣ ለሐሙስ ካልደረሰ ቅዳሜ ይሁን አለ።

ስልኩን ሲያስቀምጥ ሸሚዙን አወለቀ። ከካልሲዎቹ ጋር ሁለት ፌስታል ሙሉ ልብስ አወጣሁ፤ ግማሹን አጠብኩ፣ ግማሹን ጣልኩ፣ የትኛውን እንደሆነ አልነገርኩትም። ታንከሩን እንደገና አጠብነው፣ ያፈሰስኩትን አቼቶ ደጋግመን አስለቀቅነው። ማታውን፣ እያየኝ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ያ ፎንሽ ነጻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ታንከር ፀጉር አወጣ እንዴ ማለት አማረኝ፤ ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት ሦስተኛው ሽታ የእኔ ሆነ። አባዬ ገላውን ታጥቧል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሙጫውን በጥብጦ ይዞ ቆሟል። ታንከሩን አቀፍኩት። ልጅ ሆኜ በግድ የምጠጋውን ያንን የዛገ አፍ በፈቃዴ ተጠጋሁት፣ አፍንጫዬን ከተትኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ። ብረት። ውኃ። ከታች፣ ከብየዳው ስር፣ ቀጭን ኮምጣጣ ነገር ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን አሸበሸበው።

ዓይኔን ስገልጥ አባዬ ታንከሩን አያይም። የሚያየው ፊቴን ነው። እኔ ገና አንድ ቃል አልተናገርኩም።

"አልደረቀም" አለ፤ ሙጫውን አስቀመጠና ታንከሩን ከእቅፌ ወስዶ ወደ ፀሐይ ወጣ።